«ፖግ» ስላሉህ ብቻ ስራህን አትቀይር፦ ለወጥ ቤቱ ወታደር ወንድሜ

መጀመሪያ የጠየከውን በአጭሩ ላስቀምጠው፣ ሌላውም የሚያነብ ሰው ነገሩን ይዞ እንዲከተለን። አሜሪካ ጦር ውስጥ ነህ፣ ስራህ 92 ጂ ነው ማለትም ምግብ አብሳይ፣ ዩኒትህ ከገባህ አመት ሊሞላህ ነው። እግረኞቹ «ፖግ» ይሉሃል፣ ከነሱ መሀል አንዱ ደግሞ አብሮህ ያደገ የሀበሻ ልጅ ስለሆነ የሱ ነው ይበልጥ አጥንትህ ድረስ የገባው። እናትህ ለሰው ሲያወሩ «ልጄ ሚሊተሪ ውስጥ ኢንጂነር ነው» ይላሉ አንተም ዝም ትላለህ፣ ፌስቡክህ ላይ ያለው ፎቶ ሁሉ ሬንጅ ላይ መሳሪያ ይዘህ የተነሳኸው ነው፣ ከኪችን አንድም የለም። ከዛ «ሪክላስ አድርጌ (ስራዬን ቀይሬ) እግረኛ ልሁን ወይስ ጥርሴን ነክሼ ኮንትራቴን ልጨርስ» አልክ፣ በዛው ደግሞ «ቢያንስ እኔ እንደነዛ ኤሲ ውስጥ ቁጭ ብለው ወረቀት እንደሚያገላብጡት 42 ኤዎች (የሰው ሀይል ቢሮ ጸሀፊዎች) አይደለሁም» ብለህ ጨመርክበት። የዚችን የመጨረሻዋን ነገር በኋላ እንነጋገርባታለን።

ለማያውቅ ሰው፣ ፖግ የሚባለው እግረኛ ያልሆነው ወታደር በሙሉ ነው፣ ሹፌሩም መካኒኩም ሰፕላዩም ጸሀፊውም። እዚህ ጦር ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ሰው እግረኛ አይደለም። እኔ ሰፕላይ ነበርኩ፣ 92 ዋይ፣ ሰርጀንት ፈርስት ክላስ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ ከእግረኛ ጋርም ከታንከኛ ጋርም ኖሬያለሁ፣ በእጄ ካለፉት የኛ ልጆች ደግሞ ብዙዎቹ አንተ የጠየከውን ነው የሚጠይቁኝ፣ አንዳንዱ በግልጽ አንዳንዱ ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ።

መልሴ እንዲህ ነው። እግረኛ መሆን ከልብህ የምትፈልገው ነገር ከሆነ ግባ፣ ትልቅ ስራ ነው፣ ማንም አይከለክልህም። ከስድብ ለማምለጥ ከሆነ ግን በፍጹም አትግባ፣ ምክንያቱም እዛም አታመልጠውም። እግረኛ ስትሆን በፓራሹት የሚዘሉት «ሌግ» ይሉሃል፣ መዝለል ስትጀምር የሬንጀር ታብ (የሬንጀር ትምህርት ቤት ምልክት) ያላቸው ታብህ የታለ ይሉሃል፣ ዲፕሎይ ያላደረክ እንደሆነ ቀኝ ትከሻህ ባዶ ነው ብለው «ስሊክ ስሊቭ» ይሉሃል። ይሄ መሰላል ጫፍ የለውም። ስሙ እንዳይነካው ብሎ ስራ የቀየረ ሰው በየሁለት አመቱ ስራ መቀየር አለበት።

አሁን ስለ እግረኛው ልጅ ልንገርህ፣ ምክንያቱም እንዲያከብርህ የምትፈልገውን ሰው አንተም በደንብ አታውቀውም፣ ከአጻጻፍህ ያስታውቃል፣ «ከመሮጥ ሌላ ምን ይችላሉ» ብለሃል። ኤም 240 መትረየስ የሚሸከመው ልጅ መሳሪያው ብቻ 12 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፣ ጥይቱ ውሀው ጥይት መከላከያው ሌላ ነው። የእግረኛ ባጅ ለማግኘት 16 ኪሎ ገደማ ተሸክሞ 19 ኪሎሜትር በ3 ሰአት ውስጥ መጨረስ አለበት፣ ያውም ከሌላው ፈተና በኋላ። ፊልድ ሲወጣ አንተ ቢያንስ የበርነሩ ሙቀት አለህ፣ እሱ ጭቃ ላይ ነው የሚተኛው፣ ገና በ20ዎቹ እድሜው ጉልበቱና ወገቡ የሄደ፣ ጆሮው የደከመ ስንት ልጅ አይቻለሁ። ጦርነት ቢመጣ ደግሞ በሩን ረግጦ የሚገባው እሱ እንደሆነ ያውቃል፣ ማታ ሲተኛም ያውቀዋል። ያንን ሁሉ የሚያስችለው ኩራቱ ነው፣ ኩራቱ ሲተርፍ ነው ወዳንተ የሚፈሰው። ይሄን የምልህ ስድቡን ትክክል ነው ለማለት አይደለም፣ ግን ሰውየው ምን እንደተሸከመ ሳታውቅ አክብረኝ ብትለው ቃሉ ክብደት አይኖረውም።

በዛው ልጨምርልህ፣ ስለ ስራህ መቀለድና አንተን ማዋረድ አንድ አይደሉም። «ፖግ እንቁላሌን አሳምርልኝ» ሲልህ ሳቅና ስጠው፣ የሰራዊት ቤት እንዲሁ ነው። ስለ አክሰንትህ፣ ስለ ቀለምህ፣ ስለ መጣህበት አገር ከሆነ ግን ያ የስራ ቀልድ አይደለም፣ ለስኳድ ሊደርህ ንገር፣ ካልቆመ የመድልዎ አቤቱታ የሚቀበለው ኢኦ ቢሮ ሂድ፣ ይሉኝታ አያስፈልገውም።

ወደ አንተ ስራ ስመጣ መጀመሪያ የማይረባውን መልስ ከፊታችን እናንሳው። ሰው ወጥ ቤት ሰራተኛ ሲሰደብ ሊያጽናናው ሲፈልግ የሚያመጣለት የዶሪ ሚለርን ታሪክ ነው። ሚለር በዲሴምበር 7 ቀን 1941 ጃፓኖች ፐርል ሀርበርን ሲመቱ ዌስት ቨርጂኒያ የምትባለው የጦር መርከብ ላይ የምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበር፣ ያኔ ባህር ሀይሉ ጥቁሮችን በአብዛኛው ለዛ ስራ ብቻ ነበር የሚቀበለው። የቆሰሉትን ተሸክሞ አወጣ፣ ከዛ ሰልጥኖበት የማያውቀውን ጸረ አውሮፕላን መትረየስ ይዞ ተኮሰ፣ ኔቪ ክሮስ ተሸለመ፣ አሁን አንድ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በስሙ ተሰይሟል። እውነተኛ ጀግና ነው፣ ታሪኩንም ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ። ግን አንተን ለማጽናናት ሲመጣ ልብ በል ምን እየተባልክ እንደሆነ፦ ወጥ ቤት ሰራተኛ የሚከበረው ማንኪያውን ጥሎ መሳሪያ ሲያነሳ ነው እየተባልክ ነው። ያ የተዋሰው ክብር ነው፣ የእግረኛውን ሚዛን ወስደህ ራስህን እሱ ላይ መመዘን ነው። ሬንጅ ላይ የተነሳኸው ፎቶ ብቻ መለጠፉም ከዛው ነው የመጣው ወንድሜ። የምልህ፣ ስራህ የራሱ ሚዛን አለው፣ ሚዛኑም ከባድ ነው፣ በሱ ተመዘን።

ሚዛኑ ምን ይመስላል ካልከኝ አንድ ያየሁትን ልንገርህ። ክረምት ላይ ፊልድ ወጥተን አንድ ስፔሻሊስት ምግብ አብሳይ ነበር፣ ብዙ የማያወራ ልጅ። ገና ሌሊቱ ሳይነጋ መርማይቶቹን፣ ምግቡ ሙቀቱን ጠብቆ የሚጓዝባቸውን ሳጥኖች፣ ደርድሮ የፈላ ውሀ ይሞላቸዋል፣ ክዳናቸውን ዘግቶ ያስቀምጣቸዋል፣ ምግቡ ሲደርስ ውሀውን ደፍቶ ሙቅ ሆዳቸው ውስጥ ይገለብጠዋል፣ ይሄን ሳያደርጉ ቀዝቃዛ መርማይት ውስጥ የጨመሩት እንቁላል እግረኛው ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አንተም ታውቀዋለህ። ቴርሞሜትሩን በየአንዳንዱ ይከታል፣ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ክዳኑ ላይ በቴፕ ሰአቱን ይለጥፋል። አንድ ቀን አንድ ፕላቱን መንገድ ተሳስቶ ዘገየ፣ ሌተናንቱ ምግቡን አቆይልኝ አለ፣ ልጁ አቆየ፣ ምግቡ እንዲቆይ የሚፈቀደው 4 ሰአት ሲሞላ ግን ልጆቹ ገና እየደረሱ፣ ራብና ብርድ የገደላቸው፣ ሽታው እየሸተታቸው፣ «ጊዜው አልፏል ኤም አር ኢ ይሰጣችሁ» አላቸው፣ ያ የታሸገው የፊልድ ምግብ ማለት ነው። የተሰደበውን ስድብ አልጽፈውም። ሌተናንቱ ራሱ «አንድ ጊዜ ነው ስጣቸው» ብሎ ለመነው። ልጁ ድምጹን አላነሳም፣ ማዕረግ የለውም ምን ያነሳል፣ ቴፑን አሳየ፣ ቴርሞሜትሩን ከታና ቁጥሩን አሳየ። ፈርስት ሰርጀንቱ ጠጋ ብሎ አነበበና ክዳኑን በራሱ እጅ ዘጋው። ነገሩ እዛው አለቀ።

ያ ልጅ ሰርቶት የማይታይ ነገር ምን እንደሆነ አስበው። ፊልድ ላይ አንድ ፕላቱን ሙሉ ሰው ተቅማጥና ትውከት ቢይዘው በመትረየስ እንደተመታ ነው፣ በዛ ሌሊት ማንም ለጥበቃ አይቆምም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከ1861 እስከ 1865፣ ከሞቱት ወታደሮች ሁለት ሶስተኛ የሚሆኑትን የገደላቸው በሽታ ነው፣ ከበሽታዎቹም ግንባር ቀደሞቹ በምግብና በውሀ የሚመጡት ነበሩ። ምግብን ከ41 ዲግሪ ፋራናይት በታች ወይ ከ135 በላይ ያዝ የሚለው ህግ አንተ በየቀኑ የምትሰለቸው ነገር ነው፣ ግን የተጻፈው በሞቱ ሰዎች ላይ ነው። ችግሩ ደግሞ ስራህን በደንብ ስትሰራው ምንም አይፈጠርም፣ ምንም ስላልተፈጠረ ማንም አያመሰግንህም። ይሄን ካልቻልክ ሎጂስቲክስ ውስጥ ምስጋና ስትጠብቅ ትታመማለህ፣ ከልቤ ነው የምልህ።

ታዲያ «የኔ ስራ ኪችን ነው፣ መሳሪያው የእግረኛው ጉዳይ ነው» ብለህ ወደዛኛው ጫፍ እንዳትሄድብኝ። በማርች 23 ቀን 2003 ኢራቅ ናሲሪያ የደረሰውን ማንም ሰፖርት ወታደር ማወቅ አለበት። 507ኛው የጥገና ካምፓኒ፣ ከፎርት ብሊስ የሄዱ መካኒኮች፣ ሰፕላዮች፣ ምግብ አብሳዮች፣ መንገድ ስተው ከተማው ውስጥ ገቡ፣ አድፍጠው መቷቸው፣ በኮንቮዩ ከነበሩት 33 ወታደሮች 11ዱ ሞቱ። ጄሲካ ሊንች የተማረከችው እዛ ነው፣ እሷም እንደኔ ሰፕላይ ነበረች። የብዙዎቹ መሳሪያ አልተኩስ አለ፣ ጦሩ በኋላ ያወጣው ሪፖርት ደግሞ በዛ በረሀ አቧራ ውስጥ እያንዳንዱ ወታደር መሳሪያውን በበቂ ሁኔታ አለመንከባከቡ ምክንያት ሊሆን ይችላል አለ። እዛው ኮንቮይ ውስጥ ፓትሪክ ሚለር የሚባል ብየዳ ሰራተኛ ነበር፣ እሱ ሲዋጋ ነው የተማረከው፣ ሲልቨር ስታር ተሰጠው። ከዛ በኋላ ነው ጦሩ ራሱ በ2005 እግረኛ ላልሆኑትም የውጊያ ባጅ ያወጣው፣ መንገዱ ሁሉ ግንባር እንደሆነ ሲገባው። ስለዚህ መሳሪያህን አጽዳ፣ ሬንጅ ላይ ዝም ብለህ ለማለፍ አትተኩስ፣ ፒቲህን አትቀንስ። ይሄን የምታደርገው እግረኛ ለመምሰል አይደለም፣ ያንተም ስራ አንድ ክፍሉ ስለሆነ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ እግረኞች ሰፖርቱን ከሚንቁበት ምክንያት አንዱ ይሄ ነው፣ ወፍራም ሆኖ ኬቭላሩን (የራስ ቁሩን) አዙሮ ያደረገ ሲያዩ ደማቸው ይፈላል፣ በዚህ አልፈርድባቸውም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልድረስ፣ ስራህን የራስህ ማድረግ የሚባለው። እኔ የማውቀው መለኪያ አንድ ነው፦ አንተ የፈረምክበትን ነገር ቀጥሎ ያለው ሰው ሳያጣራ ሊይዘው ይችላል ወይ? ፓራሹት የሚያጥፉትን ሪገሮች እያቸው፣ 92 አሮችን። እያንዳንዱ ፓራሹት የራሱ መዝገብ አለው፣ ያጠፈው ልጅ ስሙን ፈርሞበት ነው የሚወጣው፣ ራሱም ዘላይ መሆን አለበት፣ ባጠፈው ፓራሹት ዝለል ቢባል ይዘላል። እነሱም በህጉ ፖግ ናቸው። ግን ፎርት ብራግ ሄደህ አውሮፕላን በር ላይ የቆመን የእግረኛ ልጅ ሪገርን ትንቃለህ ወይ ብለህ ጠይቀው።

ያንተ ፊርማ የሙቀት መዝገቡ ላይ ነው። ሶስት ሰአት ላይ የሚሞላውን ቁጥር አንድ ሰአት ላይ ቁጭ ብሎ አንድ ላይ የሚሞላ ሰው አይተሃል፣ እንዳላየህ አትንገረኝ፣ በየዩኒቱ አለ። መኪና ላይም እንደዛው ነው፣ ሹፌሩ ኮፈኑን ሳይከፍት 5988 የሚባለው የመኪና ምርመራ ፎርም ላይ ደህና ነው ብሎ ይፈርማል፣ ሰፕላይ ላይ ደግሞ ናይት ቪዥኑን (የሌሊት ማያውን መነጽር) ሳያወጣ ከአምናው ወረቀት ላይ ሰሪያል ቁጥሩን ይገለብጣል። እኔ አዲስ ልጅ ሲመጣልኝ የማስተምረው መጀመሪያ ይሄን ነው፣ ፒቪኤስ 14ቱን፣ ያንኑ ናይት ቪዥን፣ ከነሻንጣው ያወጣል፣ በባትሪ መብራት አዘንብሎ የተፋቀውን ቁጥር አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ ወረቀቱን እይዛለሁ፣ 8 ይሁን 3 ያልለየ ከሆነ በጣቱ ይዳስሰዋል፣ እስኪለይ ወደሚቀጥለው አንሄድም። ልጆቹ መጀመሪያ ይሰለቻሉ፣ «ሰርጀንት ትላንትና እኮ ቆጥረነዋል» ይላሉ። አንድ ናይት ቪዥን ሲጠፋ ግን ሻምበሉ ሙሉ እረፍት ይሰረዛል፣ ልጅ የወለደችለት ሚስቱን ለማየት ቲኬት የቆረጠ ሰው ሳይቀር ጫካ ውስጥ ተሰልፎ ሳር እየገለጠ ይፈልጋል፣ ከዛ ምርመራው አለ ከደሞዝ መቆረጡ አለ። ያቺ አንዲት የማትነበብ ቁጥር የስንት ሰው ቅዳሜና እሁድ እንደያዘች ያየ ልጅ ከዛ በኋላ አይሰለችም።

ንቀት ሰውን ከማሳዘኑ በላይ ስራ ላይ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በግልጽ ልበልህ፣ ምክንያቱም ይሄን ብዙ ሰው አያየውም። የተናቀ ሰው አፉን ይዘጋል። መካኒኩን «ቅባታም» እያልክ ስታንቋሽሸው የከረምክ ሹፌር፣ ፍሬንህ ላይ የሰማው ድምጽ ደስ ያላለው ቀን፣ ፎርሙ የሚጠይቀውን ብቻ አይቶ ይሸኝሃል፣ ያንን «ስማ እኔ ብሆን በዚህ መኪና ዳገት አልወርድም» የሚለውን ከፎርም ውጪ የሆነ ቃል አይነግርህም። ህግ አልጣሰም፣ ማንም አይጠይቀውም። ግን ጦር ውስጥ ሰው የሚያተርፈው ብዙ ጊዜ ያ ፎርም ላይ የሌለው ቃል ነው። የሚከበር መካኒክ ስልክ ደውሎ ይነግርሃል። ስለዚህ መከባበር እኛ ቤት ጨዋነት ብቻ አይደለም፣ ወሬው ከአንዱ ስራ ወደ ሌላው ስራ የሚያልፍበት መንገድ ነው፣ ሲደፈን ሁሉም በየራሱ ታውሮ ይቀራል። በኦገስት 1944 መጨረሻ የጄኔራል ፓተን ታንኮች ፈረንሳይ ውስጥ የቆሙት ነዳጅ አልቆባቸው ነው፣ ነዳጁንና ጥይቱን ያመላልሱ የነበሩት የሬድ ቦል ኤክስፕረስ ሹፌሮች ደግሞ ሶስት አራተኛ የሚሆኑት ጥቁሮች ነበሩ፣ ጦሩ ለውጊያ አይሆኑም ብሎ ወደ ኋላ የመደባቸው ሰዎች። የፓተን ታንከኛ ግንባር ሆኖ ማንን እንደሚጠብቅ ያኔ ሳይገባው አይቀርም።

እና አሁን ወደ 42 ኤዎቹ። አንተን የሰደበህን እግረኛ በምትወቅስበት ጽሁፍ ውስጥ አንተ ደግሞ ወደ ታች ፈልገህ አንድ የምትረግጠው ሰው አገኘህ። ወንድሜ ይሄ ነው ሁላችንንም የሚያቆሽሸን። ያ «ወረቀት አገላባጭ» ያልከው ልጅ ምን እንደያዘ ታውቃለህ? ዲዲ 93 የሚባለው ፎርምህ እሱ ጋ ነው። አንተ አንድ ነገር ብትሆን ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሰዎች የማንን በር እንደሚያንኳኩ የሚወስነው ያ ወረቀት ነው። እናትህ ቤት ቀይረው አድራሻው አሮጌው ከሆነ የማያውቁት ሰው በር ነው የሚንኳኳው። የህይወት ኢንሹራንስህ፣ እስከ 500,000 ዶላር የሚደርሰው፣ ለማን እንደሚከፈል የሚጻፈው ደግሞ ከዲዲ 93 ተለይቶ ነው፣ እሱንም አብረህ እየው፣ ስንት ወታደር ከተፋታ በኋላ ሳይቀይረው ቀርቶ ገንዘቡ ላልሆነ ሰው ሄዷል። ገና በግሪን ካርድ ያለህ ከሆንክ ደግሞ የዜግነት ማመልከቻህ ኤን 426 ላይ በክብር እያገለገለ ነው ተብሎ ተፈርሞ የሚወጣው በዛ ቢሮ በኩል ነው። በአማርኛ ስማችን ላይ አያት አባት ሲደባለቅ፣ ላስት ኔም የቱ እንደሆነ ሲጠፋቸው፣ ቁጭ ብሎ ከፓስፖርትህ ጋር እያስተያየ ፊደል በፊደል የሚያስተካክልልህ ያ ኤሲ ውስጥ ያለ ልጅ ነው። ሰኞ ሂድና ዲዲ 93ህን ከሱ ጋር አብረህ እየው፣ አድራሻውን አረጋግጥ፣ ስትወጣ ደግሞ ከልብህ አመስግነው።

የናትህ ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል፣ እሱን አውቃለሁ። እኛ አገር ወንድ ልጅ ወጥ ቤት ገባ ሲባል ምን እንደሚባል አድገንበታል። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሰሪዋን ንቀን፣ የሰሩትን ማረሻ ግን ይዘን፣ ሸማቸውን ለብሰን፣ በምጣዳቸው ጋግረን በልተን የኖርን ሰዎች ነን። አጼ ምኒልክ ሰራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ አገር እየጎዳ እንደሆነ ስለገባቸው ነው። እናትህ ኢንጂነር ነው ሲሉ ሊዋሹ ፈልገው ሳይሆን ማህበር ላይ አንተን ከአፍ ሊጠብቁ ነው፣ ስለዚህ በሰው ፊት አታርማቸው፣ አትቆጣቸው። ለብቻቸው ሲሆኑ፣ ቡና ላይ፣ ስራህን ንገራቸው፣ ግን በደፈናው «ኩክ ነኝ» ብለህ አትተወው፣ ዝርዝሩን ንገራቸው፣ በሌሊት ስንት ሰአት እንደምትነሳ፣ አንድ ዩ ጂ አር የሚባለው የምግብ ጥቅል 50 ሰው እንደሚያበላ፣ ስንቱን በአንድ ጥዋት እንደምትከፍት፣ ቴርሞሜትሩን ለምን እንደምትከት። ለብዙ ሰው ማብሰልን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፣ ሰርግና ልቅሶ ላይ ድስት የጣዱ ሴት ናቸው፣ ካንተ ቀድመው ነው የሚገባቸው። የአድዋንም አንሳላቸው፣ በ1888 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1896) የካቲት ላይ የምኒልክ ጦር ስንቁ እያለቀ ነበር፣ የጣልያኑ ጄኔራል ባራቲየሪም ትንሽ ቢታገስ የኢትዮጵያ ሰራዊት በራብ ምክንያት ይበተናል የሚል ተስፋ ነበረው፣ መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ላይ የጣልያንን ውሀ የያዙባቸው እቴጌ ጣይቱ ናቸው፣ አድዋም ላይ እንስራ ያዘሉ ሴቶች ለተዋጊው ውሀ ያደርሱ ነበር። የምግብና የውሀ ነገር እኛ ታሪክ ውስጥ ከጦሩ ጎን የቆመ አይደለም፣ ጦሩ ውስጥ ነው ያለው።

የሰፈርህን ልጅ ደግሞ በእንግሊዝኛ በጓደኞቹ ፊት አትመልስለት፣ እዛ ማሸነፍ ስለሚኖርበት አይሰማህም። ለብቻው ያዘውና በአማርኛ «ስማ፣ ሌላው ቢለኝ ግድ የለኝም ያንተ ግን አመመኝ» በለው፣ ከዚህ በላይ አያስፈልግም፣ አብሮህ ያደገ ሰው ይሄን ሰምቶ የሚቀጥል ከሆነ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዛ «መትረየስህን አሳየኝ፣ ፈትቼ ልግጠመው» በለው። እሱን ደግሞ አንድ ሌሊት ኪችን ጥራው፣ መርማይት ያሙቅ፣ ሳጥን ይሸከም። አንዱ የሌላውን ስራ በእጁ ሲነካው ብዙ ንግግር ይቀራል።

ሪክላስን በተመለከተ አሁን ተረጋግተህ አስብበት። ካንተ ጥያቄ የተረዳሁት አስቫብህ (የጦሩ የመግቢያ ፈተና) እንግሊዝኛው ስለከበደህ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ሪክሩተሩ ያለውን እንደሰጠህ ነው፣ ይሄ ብዙ የኛን ልጆች ያጋጠመ ነው። መጀመሪያ ከዛው ፈተና የሚወጣውን ጂቲ የሚባለውን ነጥብህን እየው፣ ከ110 በታች ከሆነ ቤዚክ ስኪልስ የሚባለው ነጻ ትምህርት ኤዱኬሽን ሴንተር ውስጥ አለ፣ በስራ ሰአት የሚሰጥ ነው፣ ከዛ ድጋሚ ትፈተናለህ። 110 ሲሆን መኮንንነቱም ዋራንት ኦፊሰርነቱም በር ይከፍትልሃል። ግሪን ካርድ ላይ እስካለህ ድረስ ሴኩሪቲ ክሊራንስ የሚጠይቁት ስራዎች አይሰጡህም፣ ስለዚህ ዜግነትህን ቀድመህ ጨርስ። ምግብ ውስጥ ለመቆየት ከመረጥክ ሰርቭ ሴፍ የሚባለውን የምግብ ደህንነት ሰርተፍኬትህን ጦሩ ይከፍልልሃል፣ ሲቪል ስትሆን የትም ሆቴልና ሆስፒታል የሚሰራ ወረቀት ነው፣ በየአመቱ ፎርት ሊ የሚደረገው የሼፎች ውድድር አለ፣ ከ1968 ጀምሮ ምርጥ የጦር ኪችን የሚሸለምበት ኮነሊ አለ፣ ወደ ላይ ደግሞ 922 ኤ የሚባል የምግብ ዋራንት ኦፊሰር አለ፣ እኔ ካየኋቸው ዋራንቶች ኮሎኔል የሚደነግጥላቸው እነሱ ናቸው።

የቤዚክ ስኪልሱ ክፍል ቀድሞ ስለሚሞላ በዚህ ሳምንት ለስኳድ ሊደርህ ንገረው፣ ከሚቀጥለው ፊልዳችሁ ጋር እንዳይጋጭ ቀኑን አብራችሁ እዩ። የድጋሚ ፈተናው ውጤት እስኪመጣ ኮንትራት ከሚያስፈርመው ካሪየር ካውንስለር ጋር ምንም ነገር አትፈርም፣ ሲመጣ ነጥቦችህን ጻፍልኝና የትኛው ስራ የት እንደሚያደርስህ አንድ በአንድ እናየዋለን።